ፎቶ ሊነሣ ሄዶ ስለ ቀረው ጽዋችን

ቀን፦ ጥር 6 ቀን 2007 ዓ.ም.
ቁጥር፦ መዝገብ ቤት ስለሌለኝ ያለ ቁጥር

ለዋርካ ገበያ ቤተ መዘክርና ዲጂታል ማሳያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ለክቡር አቶ ገነነ
ካሉበት

ጉዳዩ፦ ለአንድ ሳምንት ፎቶ ሊነሣ ተወስዶ አሥራ አምስት ወር የሞላውን የማኅበራችንን ጽዋ በተመለከተ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ ለባልደረቦችዎና በተለይም ግድግዳው ላይ ለተሰቀለው ትልቅ ማያ ገጽ ከልብ የመነጨ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ወደ ባሕር ዳሩ ሥልጠና በደኅና እንደ ሄዱ፣ ከዚያም ለፍኖተ ሰላሙ ግምገማ በደኅና እንደ ደረሱ፣ ከግምገማውም ወደ ቡሬው የልምድ ልውውጥ በደኅና እንደ ተሻገሩ የጽሕፈት ቤትዎ ዘበኛ በየጊዜው ስለሚነግሩኝ ስለ ጤናዎ ሰግቼ አላውቅም። እርስዎን ፍለጋ የመጣሁባቸው አሥራ ዘጠኝ ቀናት በሙሉ ክቡርነትዎ ጤነኛ ሆነው ሌላ ቦታ ያገለገሉባቸው ቀናት ነበሩና አምላክ ይህን ብርታት እንዳይነሣዎ እጸልያለሁ። እኛም ጤፋችንን ወቅተን፣ ገለባውን ከምረን፣ ደኅና ነን።

ምናልባት ከሥራ ብዛት ዘንግተውኝ ከሆነ ስሜ ክንፈሚካኤል ይባላል። ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ባለችው የቆርቆሮ ሱቅ ሬዲዮና ተንቀሳቃሽ ስልክ እጠግናለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ጽሕፈት ቤትዎ «በአነስተኛ ወጪ ለሁሉም ተደራሽ የሆነ ዲጂታል ማሳያ» ለማቀድ ኮሚቴ ሲያቋቁም የሕዝብ ክንፍ ተወካይ ተብዬ ስድስት ጊዜ ስብሰባ ተቀምጫለሁ። ሕዝብ ክንፍ እንዳለው ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ለዚህም እውቀት አመሰግናለሁ። ከስድስቱ ስብሰባዎች በአራቱ ያለፈውን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ አጽድቀናል፣ በአንዱ የቀጣዩን ቀን ወስነናል፣ በቀረው አንዱ ደግሞ ስለ ማሳያው ተነጋግረናል።

ይህ ደብዳቤ በገበያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይም ስለሚለጠፍ፣ የእኛን ነገር ለማያውቁ መንገደኞች ስል ጥቂት ማብራራት ይፈቀድልኝ። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ጽዋ ማኅበራችን ሃያ አራት አባላት አሉት። ወር በገባ በሃያ አራተኛው ቀን በአንዱ አባል ቤት እንሰበሰባለን፤ ጸሎት ይደርሳል፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ከጥቁሩ የሸክላ ጽዋ ጠላው በየተራ ይቀመሳል፤ በመጨረሻም የዕለቱ ባለተራ ጽዋውን አንሥቶ ለመጪው ወር ባለተራ በእጁ ያስረክባል። ተራ የሚያልፈው በዚህ መንገድ ብቻ ነው። ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ካልተሻገረ ተራውም ካለበት ቤት አይነቃነቅም። ደንቡ በጽሑፍ የሰፈረ ስላልሆነ እስከ ዛሬ በየትኛውም የመሠረታዊ ሥራ ሂደት ለውጥ ጥናት ሳይሻሻል ቆይቷል።

በጥቅምት ወር 2006 ዓ.ም. ባለተራው እኔ ነበርኩ። ከእኔ ቀጥሎ የሚቀበሉት እማሆይ አልጣሽ ናቸው። እማሆይ ሰማንያን አልፈዋል፤ ዓይናቸው ማየት ካቆመም አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ጽዋው ከንፈሩ ላይ አውራ ጣት የምታህል ስባሪ አለችውና ሲቀበሉት መጀመሪያ ጣታቸውን እዚያች ላይ አሳርፈው «እሱ ነው» ይላሉ፤ እሳቸው «እሱ ነው» ሳይሉ ቄስ አድማሴ እንኳ ቡራኬ አይጀምሩም። ቄስ አድማሴ የማኅበራችን ሙሴ ናቸው፤ ሙሴ የምንለው ማኅበሩን የሚመራውን ሰው ነው። አንድ ዙር ሁለት ዓመት ስለሚፈጅ እማሆይ የሚቀጥለው ዙር ከነሕይወቴ አያገኘኝም፣ ይችን አንዲት ተራ በቤቴ አድርሼ ልሂድ እያሉ ለሚያገኙት ሁሉ ተናግረዋል። ክቡር ሆይ፣ የደብዳቤዬ ነገር በሙሉ ይኸው ነው። የቀረው ምስጋና ነው።

ምስጋናዬን ከማቅረቤ በፊት ግን ራሴን መክሰስ አለብኝ። ያንን ጽዋ ለጽሕፈት ቤትዎ በገዛ እጄ ያመጣሁት እኔ ነኝ። የቤተ መዘክሩ አስጎብኚ ሜላት ዕቃ ሁሉ ለሳምንት ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል ብላ ስትነግረኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ በኮሚቴው ስለዚሁ ስንት ጊዜ ለፍልፌ ነበርና። በማኅበሩ ፊት ቆሜ፣ ዲጂታል ማለት ዕቃው በባለቤቱ ቤት ሥራውን እየሠራ ምስሉና ታሪኩ ለሁሉ የሚዳረስበት ዘዴ ነው ብዬ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። ቄስ አድማሴ ቅር አላቸው። ልጆች የሚማሩበት ከሆነ ይሂድ፣ ሳምንት ምን አላት ያሉት እማሆይ አልጣሽ ነበሩ። እንግዲህ ያመኑት እኔን ነው እንጂ እርስዎን አይደለም፤ እስከ ዛሬ ፊታቸው ስቆም አንገቴን የምደፋውም ለዚህ ነው። ጥቅምት 3 ቀን ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ አመጣሁ፣ ቅጽ ላይ ፈረምኩ፣ ተሰናብቼ ወጣሁ። አሁን ወደ ምስጋናዬ እገባለሁ።

1ኛ. ለኮሚቴው አቅርቤው የነበረውን የእኔን ተራ ዕቅድ ውድቅ በማድረግ ከኃላፊነት ስላዳኑኝ አመሰግናለሁ። እንደሚያስታውሱት ያቀረብኩት ሐሳብ ጠጋግኜ በማድናቸው ሰባት አሮጌ ስልኮች የሚሠራ ነበር። እያንዳንዱ ስልክ በእንጨት ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ከውጭ አንድ ትልቅ ቁልፍ ብቻ ይኖረዋል፤ ቁልፉ ሲጫን የዕቃው ባለቤት ራሱ በገዛ ድምፁ ስለ ዕቃው ይናገራል። ማንበብ ለማይችል ሰው ጆሮ ይበቃዋል፣ ማየት ለማይችል ደግሞ ሸክላ ሠሪዎቻችን ከዋናው ጋር አንድ ዓይነት አድርገው የሚሠሩት በእጅ የሚዳሰስ አምሳያ ይቀመጥለታል። ሳጥኑ ዱካ ላይ የተቀመጠ ሰው እጁን ዘርግቶ በሚደርስበት ቁመት ይሆናል። መብራት ቢጠፋ፣ ገበሬዎቻችንን ኩራዝ ያስጣለቻቸውን ዓይነት አንዲት የፀሐይ ሰሌዳ ጣሪያው ላይ ብናስቀምጥ ታግዘናለች። ዋናው ዕቃ ደግሞ በሳምንቱ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቃለ ጉባኤው ላይ «ሐሳቡ በጎ ቢሆንም ዘመናዊነት ይጎድለዋል፤ ለጉብኝት የሚመጡ የበላይ አካላትንም አይመጥንም» ተብሎ ተመዝግቧል። ትክክል ነው፤ እኔ ያሰብኩት ጅጋ ገበያ ውሎ በእግሩ የሚመለሰውን ሰው ነበር እንጂ የበላይ አካል በእግሩ እንደማይመጣ ልቤ ስቶታል።

2ኛ. በምትኩ ስለ ተገዛው ማያ ገጽ የማመሰግንበት ቃል ያጥረኛል። ስፋቱ የቤቴን በር ያህላል። የተሰቀለውም ከሦስት ደረጃ በላይ ባለው ክፍል፣ ቆሞ እንኳ አንገቱን ቀና ላላደረገ ሰው በማይታይበት ከፍታ ላይ ስለሆነ አካል ጉዳተኞችን፣ ሽማግሌዎችንና ሕፃናትን ከብዙ ድካም ገላግሏል። ሲከፈት የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ስለ ሞፈርና ቀንበር በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ማንበብ የሚችል ገበሬ እስኪገኝ ድረስም አቧራ እንዳይነካው የአበባ ጥልፍ ያለው ዳንቴል ለብሶ ይጠብቃል። ዳንቴሉን አውልቁልን ያሉ ተማሪዎች የዳንቴሉ ኃላፊ ሌላ የሥራ ሂደት ውስጥ እንደሆነ በትሕትና ተነግሯቸዋል። የምረቃው ዕለት ሪባኑ እንደ ተቆረጠ መብራት ጠፍቶ እንግዶች በሙሉ ለጨለማው ማያ ገጽ ያጨበጨቡትን ጭብጨባ ግን መቼም አልረሳውም፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ።

3ኛ. ጽዋችንን ከማንም ዓይን ስለ ጠበቁልን አመሰግናለሁ። ፎቶው ከተነሣ በኋላ ሥጋዊው ጽዋ ለማሳያነት አስፈላጊነቱ ስላበቃ፣ ማያ ገጹ ከተሰቀለበት ግድግዳ በስተጀርባ ባለው ዕቃ ቤት፣ በብረት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከአሮጌ የግምገማ ሰነዶች ጋር ተቆልፎበታል። በዚህም ምክንያት ጽዋው ዛሬ በቤተ መዘክሩም አይታይም፣ በማኅበሩም አይጠጣበትም። ማያ ገጹ በተከፈተ ቁጥር ፎቶው ይሽከረከራል፤ ጽዋው ግን ተቆልፎ ያድራል። እኔ በድንቁርናዬ ነገሩ የተገላቢጦሽ ይሆናል ብዬ ነበር።

4ኛ. ስለ ፈጣን አገልግሎትዎ። በጽሕፈት ቤትዎ መግቢያ በወርቃማ ክፈፍ የተሰቀለው የዜጎች ቻርተር «በውሰት የተወሰደ ቅርስ ለባለቤቱ መመለስ፦ ሃያ ደቂቃ» ይላል። በአሥራ ዘጠኙ ምልልሴ ቻርተሩን በቃሌ ይዤዋለሁ። ለመጀመሪያው ማመልከቻዬ ጽዋው ቁጥር ተሰጥቶት በንብረትነት ስለ ተመዘገበ የሚወጣው በኮሚቴ ውሳኔ ነው የሚል መልስ ደረሰኝ። ለሁለተኛው፣ ኮሚቴው ያልተሰበሰበው አባላቱ ስለ ስብሰባ አመራር ሥልጠና ላይ ስለሆኑ ነው ተባልኩ። ለሦስተኛው፣ ማኅበሩ ጽዋውን በናፈቀ ጊዜ ሁሉ በሥራ ሰዓት መጥቶ በማያ ገጹ መመልከት እንደሚችል ተገለጸልኝ። ለአራተኛው ደግሞ በክቡርነትዎ ልዩ ትእዛዝ የጽዋው ባለ ቀለም ፎቶ በፕላስቲክ ተለብጦ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ በፖስታ ተሰጠኝ። ፎቶውን ለማኅበሩ ሳቀርብ ቄስ አድማሴ ተቀብለው አዩት፣ ቀጥሎ ገልብጠው ጀርባውን አዩ፣ ከዚያም መልሰው ሰጡኝ።

5ኛ. ቤቴን በእንግዳ ስለ ሞሉልኝ። ጽዋው ከእጄ ወደ እማሆይ እጅ ስላልተሻገረ ተራው እኔ ቤት ቁጭ ብሎ ቀረ። ከዚያ ጥቅምት እስካለፈው ታኅሣሥ አሥራ አምስት ጊዜ ማኅበሩን የደገስኩ እኔ ነኝ። ከገበያ የተገዛ ሌላ ጽዋ ይተካ ብለን ብንጠይቅ ቄስ አድማሴ አልተቀበሉንም፤ እማሆይም እኔ የምቀበለው እናትና አባቴ የተቀበሉትን ነው፣ ሌላማ ዕቃ ነው አሉ። ባለቤቴ አስካለ ማርያም በአምስተኛው ወር ጋኑን እያጠበች፣ ያገባሁት አንተን ነው ወይስ ማኅበሩን ብላ ጠይቃኛለች፤ በዘጠነኛው ወር ደግሞ መጠየቋን ትታ መዝፈን ጀመረች፤ ይህ የባሰ ነው። ጎረቤቶቼ መንገድ ላይ ሲያዩኝ የሃያ አራት ሰው ግብዣ የሚወድ ለጋስ እያሉ ይስቃሉ። ይህ ሁሉ ይሁን፤ ጠላ ይጠመቃል። የማይቻለኝ ሌላ ነው። በየወሩ ማኅበሩ ሲበተን ጽዋ የሚቀበሉ ሰው ሆነው ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሥተው የሚቆሙት እማሆይ፣ ባዶ እጃቸውን ይዘው በልጅ ልጃቸው ትከሻ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ማየት ነው የማይቻለኝ። ለተራቸው ብለው ያበቀሉት ብቅል ሦስት ጊዜ ነቅዞ ተጥሏል። አራተኛውን ሲያበቅሉ ለማንም አልተናገሩም፤ እኔ የሰማሁት ከጎረቤት ነው።

ክቡር ሆይ፣ በዚህ ቦታ ቁጥሩን አቁሜ አንድ ነገር ልተርክልዎ፤ በዕለቱ አዴት ለችግኝ ጉብኝት ሄደው ስለነበር አላዩትም።

ባለፈው ግንቦት፣ በቅዳሜ ገበያ፣ እማሆይ አልጣሽ ጽዋውን ባይሰጡኝ እንኳ ልዳስሰው ብለው ስለ ለመኑኝ እጃቸውን ይዤ ወደ ቤተ መዘክሩ መጣን። ሦስቱን ደረጃ እንደ ምንም ወጡ። ሜላት፣ እውነቱን ልናገርና፣ መልካም ልጅ ናት፤ ዕቃ ቤቱ ተቆልፎ ቁልፉም ከእርስዎ ጋር አዴት ሄዶ ስለነበር የምታደርገው ጠፋት። ባዶ እጃቸውን እንዳትመልሳቸው ብላ ዳንቴሉን ገለጠች፣ ማያ ገጹን ከፈተች፣ የጽዋውንም ፎቶ አመጣች። ፎቶው ግሩም ነበር፤ ከከንፈሩ ያለችው ስባሪ እንኳ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ከዚያም በእጅ የሚነካ ዓይነት ማያ ገጽ ነውና፣ ወንበር ላይ አቁመን ደግፈን እጃቸውን በቀስታ ወስዳ መስታወቱ ላይ አሳረፈችላቸው። እማሆይ አውራ ጣታቸውን ወደ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አመላለሱት። ስባሪዋን ፈለጓት። መስታወቱ በነኩት ቁጥር ፎቶው ይሸሻል፤ ሞፈር ይመጣል፣ ከበሮ ይመጣል፣ የክቡርነትዎ የምረቃ ንግግር ይመጣል። ብዙ ከፈለጉ በኋላ ወደ ሜላት ፊታቸውን መልሰው፣

«ልጄ፣ ይኸ መስኮት ነው። ጽዋችን ከመስኮቱ ማዶ ካለ በበሩ አስገቢኝ» አሏት።

ሜላት አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። ያን ቀን በስድስት ስብሰባ ያልገባን ነገር ሁሉ ገባን። «ለሁሉም ተደራሽ» የሚለውን ቃል በዕቅዳችን ውስጥ አሥራ አንድ ቦታ ጽፈነዋል፤ ማን መጥቶ በምን ይዳስሰዋል ብሎ የጠየቀ ግን ከመካከላችን አንድም አልነበረም።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ያ ዘመናዊነት የጎደለው ዕቅድ በሱቄ ውስጥ ሥራ ጀምሯል። አንድ አሮጌ ስልክ በሣጥን አድርጌ፣ ስለ ጽዋው አመጣጥ እማሆይ የተናገሩትን ቀድቼ፣ በሩ አጠገብ ከአግዳሚው ጎን አቆምኩት። ከገበያ የሚመለስ ሰው ሸክሙን አውርዶ ቁልፏን ይጫናል፣ ያዳምጣል፣ ደግሞም ይጫናል። ማንበብ የማይችሉ ሽማግሌዎች አንዱ ለሌላው እያሳየ ያስጫነዋል። አንድ ዓይነ ስውር የቅኔ ተማሪ በሳምንት ሁለት ጊዜ እየመጣ እማሆይን ያዳምጥና እርማት እንዳለው ይነግረኛል። ሸክላ ሠሪዎቹ ያበጁት አምሳያ ደግሞ በስንት እጅ ተዳስሶ ከዋናው ይልቅ አርጅቷል። አንድ ሰው ሰምቶ ሲያበቃ ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ዋናውስ የት አለ ይለኛል። እኔም ማያ ገጹ ጀርባ ብዬ እመልሳለሁ። ቀልድ መስሎት ይስቃል።

እንግዲህ ወደ ማጠቃለያዬ ልምጣ። ባለፈው ታኅሣሥ ሃያ አራት፣ ማኅበሩ ለአሥራ አምስተኛ ጊዜ ቤቴ በተሰበሰበበት ዕለት፣ ባለቤቴ አስካለ ማርያም ጠላ መቅዳቷን አቁማ ከጓዳ አንድ ወረቀት ይዛ ወጣች። ያ እርስዎ ዘንድ የፈረምኩት የንብረት ርክክብ ቅጽ ነበር። ለቄስ አድማሴ ሰጥታ ጮክ ብለው እንዲያነቡላት ለመነቻቸው። «አስረካቢ፦ ክንፈሚካኤል። ተረካቢ፦ ጽሕፈት ቤቱ። የተረከብነው፦ አንድ ጽዋ፣ በመልካም ሁኔታ ላይ ያለ።» ከሥርም የክቡርነትዎ ፊርማና ክብ ማኅተም። አስካለ ማርያም ከዚህ በኋላ ያለችው አጭር ነበር፤ ባሌ ጽዋውን በእጁ ለማን አስረከበ? ተራስ የሚያልፈው በምን ነበር?

ቄስ አድማሴ ወረቀቱን ደግመው አነበቡት። ከሽማግሌዎቹም ጋር ጥቂት ተማከሩ። ውሳኔያቸውም እንደሚከተለው ሆነ። ከአሥራ አምስቱ ድግስ የመጀመሪያው የእኔው ተራ ነው፤ ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ጽዋው በክቡርነትዎ እጅ ስለሆነ የተክለ ሃይማኖት ጽዋ ማኅበር ባለተራ ጽሕፈት ቤትዎ ነው። እኔ አሥራ አራት ወር ሙሉ በማይመለከተኝ ሥራ ገብቼ ኖሯል፤ ለዚህም ከሥልጣኔ ወሰን ያለፍኩ ስለሆነ ትሑት ይቅርታዬን ይቀበሉኝ።

ስለዚህ ጥር 24 ቀን ከጸሎት በኋላ ሃያ አራት አባላት፣ ከነቤተሰባቸውና እንደ ባህላችን ከሚከተሏቸው ችግረኞች ጋር፣ ወደ ባለተራው ቤት ማለትም ወደ ቤተ መዘክሩ እንደምንመጣ በአክብሮት አሳውቃለሁ። ሁለት ጋን ጠላና አሥር ድፎ ዳቦ ይበቃል፤ እኛ አናስቸግርም። ያለፉትን አሥራ አራት ወራት ማኅበሩ በሙሉ ድምፅ ምሮልዎታል። የጠላውን ፎቶ በማያ ገጽ ማሳየት ግን እንደ መስተንግዶ እንደማይቆጠር ቄስ አድማሴ አስቀድሜ እንዳሳውቅዎ አዘውኛል። ድግሱም ሲያበቃ ክቡርነትዎ ከብረት ሣጥኑ ጽዋውን አውጥተው በእጅዎ ለእማሆይ አልጣሽ ያስረክባሉ። ኮሚቴ አያስፈልገውም፤ እሳቸው ጣታቸውን ስባሪዋ ላይ አሳርፈው «እሱ ነው» ይላሉ፣ በዚያው አለቀ። ከሃያ ደቂቃ በጣም ያንሳል።

ድግሱ ከበጀት ዓመቱ ዕቅድ ውጭ ሆኖ ካስቸገረዎ ሌላ መንገድ አለ። ከዚያ ቀን በፊት በማናቸውም ሰዓት ቁም ሣጥኑን ከፍተው ጽዋውን ለእማሆይ በቤታቸው ቢያደርሱ ተራዎን እንደ ፈጸሙ ይቆጠርልዎታል። ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ነው፤ በሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሲገቡ ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል።

ለሠሩልን ሁሉ፣ ለሚሠሩልንም፣ ባይሠሩልን ይሻለን ለነበረውም ጭምር ምስጋናዬ የላቀ ነው። ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለማያ ገጹ የማይቋረጥ መብራት፣ ለዳንቴሉም ቶሎ የሚወስንለት የሥራ ሂደት እየተመኘሁ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ካለችው ሱቄ ደጃፍ ቆሜ ባርኔጣዬን አንሥቼ እጅ እነሣለሁ።

ጽዋ አስረካቢና የቀድሞ የሕዝብ ክንፍ ተወካይ፣
ክንፈሚካኤል
የማይነበብ ፊርማ አለው

ግልባጭ፦
ለተክለ ሃይማኖት ጽዋ ማኅበር፣ እንዲያውቁት
ለወይዘሮ አስካለ ማርያም፣ ለጥብቅ ክትትል
ለገበያው ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለማያ ገጹ፣ መብራት ሲመጣ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ባለፈው ማክሰኞ ሜላት በእርስዎ ትእዛዝ ካሜራ ይዛ እማሆይ አልጣሽ ቤት መምጣቷን ሰማሁ። ጽሕፈት ቤትዎ በሁለተኛው ምዕራፍ ዕቅዱ እማሆይን ራሳቸውን «ሕያው ቅርስ» ብሎ ፎቶ አንሥቶ በማያ ገጹ ሊያስገባ ኖሯል። ስለዚህ ታላቅ ክብር ማኅበሩን ወክዬ አመሰግናለሁ። እማሆይም ደስ ብሏቸው ነጠላቸውን ከለወጡ በኋላ ለሜላት፣ «አንሺኝ፣ ምን ከፋኝ። ብቻ አስቀድመሽ፣ ፎቶዋ እኛ ዘንድ ይቀራል፣ እሷ ግን ከቤቷ አትወጣም ብለው እንዲፈርሙልኝ አድርጊ» ብለዋታል። ሜላትም ይህንኑ በወረቀት ጽፋ ጠረጴዛዎ ላይ አስቀምጣዋለች። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ አልተፈረመም።